ሁለት አውራ በአንድ ሁዳዴ

ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው፣ ወይ የሰዓት ልዩነት የጠፋበት ዘመድ ነው። እናቴ ለሁለቱም የምትዘጋጀው አንድ ዓይነት ነው፤ ገና «ሃሎ» ሳልል ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች። ደዋይዋ ቨርጂኒያ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እየተንሰቀሰቀች ነው።

«አጎቴ፣ ተናከሱ!»

«እነማን?»

«ሃምስተሮቼ! ደም አለ!»

እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ደም» የሚለውን ብቻ ነው። «የማን ደም?» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

«የአይጥ ደም ነው እማዬ። ሁለት አይጥ ገዝተውላት፣ አንድ ሽቦ ቤት ውስጥ ከተውላት፣ ተናክሰው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ደንቡ መለሰችና የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መናከሳቸው አልገረማትም። «ገዝተው?» አለች። እኛ ቤት ለአይጥ ተብሎ ገንዘብ የሚወጣ ቢሆን ለመርዙና ለወጥመዱ ነው። በነፃ የሚመጣውን እንኳ ማባረር አቅቶን፣ ባሕር ማዶ ወረፋ ይዞ የሚገዛው ሰው አለ ሲባል አለማመኗ አይፈረድባትም።

በማግሥቱ ነገሩን አጣራሁ። አጎትነት ሥራ ነው። ሃምስተር ማለት ጅራቱን ቆርጠው የለቀቁት የሚመስል፣ ጥሬውን ጉንጩ ውስጥ እንደ ስልቻ ጠቅጥቆ የሚሄድ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚሯሯጥ የአይጥ ዘመድ ነው። በየቤቱ የሚያድገው ወርቃማው ሃምስተር አገሩ ሶርያ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ አሌፖ አጠገብ የስንዴ ማሳ አስቆፍሮ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ አወጣ። እናቲቱ ወዲያው ሳጥን ውስጥ እንደገባች አንዱን ልጇን ነክሳ ገደለችው። ዛሬ በዓለም ላይ በየሳሎኑ የሚሽከረከረው ወርቃማ ሃምስተር አብዛኛው የዚያች ቤተሰብ ዘር ነው። ፍጥረቱ ብቸኛ ነው፤ ሕፃን ሳለ ከወንድሞቹ ጋር ተቃቅፎ ይተኛል፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ግን ጎረቤት የሚባል ነገር አያሳየኝ ይላል። በዱር ቢሆን አንዱ ሮጦ ያመልጥ ነበር። ሽቦ ቤት ውስጥ ወዴት ይሮጣል?

ይህን ሁሉ ለእናቴ ቡና ላይ ተረክሁላት። አሃሮኒንም፣ አሌፖንም፣ የእናቲቱንም ዘር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ሲኒዋን አስቀመጠች።

«የነሱስ ይሁን። የኛዎቹን ማን ይለያይልን?»

ልክ ነበረች። የእህቴ ልጅ በደወለችበት ሳምንት እኛም ቤት ደም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደብረ ዘይት ነው፤ ፋሲካ ሊገባ ልክ አራት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። እናቴ የበዓል ዶሮ ሰሙነ ሕማማት ላይ የሚገዛ ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ሞኝ ነው ብላ ታምናለች፤ ዋጋው ያን ጊዜ ቆጥ ላይ አይቀመጥም፣ ጣሪያ ይወጣል። ስለዚህ በቅዳሜው ወደ ቅዳሜ ገበያ ላከችኝ። ትእዛዙ ረጅም ነበር። አናቱ ላይ ያለው ድርብ ይሁን፤ ነጠላ እንዳታመጣ። በሁለት እግሩ አንጠልጥለህ መዝነው። የደረቱን ላባ እፍ ብለህ ሥጋውን እየው። ዓይኑ የደከመውን ሻጩ በላዩ ቢመርቅልህም አትውሰድ። የሰማሁትን ሁሉ ፈጽሜ አንድ ሸጋ ገብስማ አውራ ይዤ ተመለስኩ። ልጆቼ «ፋሲል» አሉት፤ ለንጉሡ ይሁን ለኳስ ቡድኑ አልጠየቅኋቸውም።

በማግሥቱ አመሻሽ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር መጡ። ለዓይናቸው ሕክምና ቀጠሮ ስለነበራቸው እስከ ፋሲካ ይቆያሉ ተብሏል። መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ በሚኒባስ የመጡት አንድ ዘንቢል ቆሎና ብብታቸው ሥር አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው ነው። እንዴት ያለ ዶሮ! እግሩ እንደ ፖሊስ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ከሚኒባስ ወርዶ ገና እግሩ ሳይፈታ የግቢውን ስፋት በዓይኑ የለካ ዶሮ። ልጆቹ «ዳሽን» አሉት። ተራራው እዚያው አማቴ አገር ስለሆነ ስሙ ሲያንሰው ነው።

እንግዲህ የአማት ስጦታ አይሸጥም። በሁዳዴ ዶሮ አይታረድም። ከኩሽናው ጀርባ ያለችን የዶሮ ቤት አንድ ናት፤ ውስጧ ደግሞ አራት እናት ዶሮዎች አሉ። ሃያ ስምንት ቀን፣ አራት ሴት፣ ሁለት አውራ። ይህን ስሌት አስቀድሞ የሠራው ሰው አልነበረም።

ጠቡ የተነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። ፋሲል የአንገቱን ላባ እንደ ጃንጥላ ዘረጋው። ዳሽን ጭንቅላቱን ወደ መሬት ሰበረ። አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ይቅርታ፣ ምንቃር ለምንቃር ተፋጠው አንዱ ቀና ሲል ሌላው ቀና እያለ፣ አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው እየጎነበሰ ጥቂት ቆዩ፤ ላየው ሰው መስገድ የያዙ ይመስላል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ላይ ተወረወሩ። በአየር ላይ ያለ ዶሮ ምንቃሩን አይደለም የሚጠቀመው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለችውን ሹል እሾኽ ነው። ላባው በነነ። ልጆቹ በፒጃማ ወጥተው ለሁለት ተከፍለው ማጨብጨብ ጀመሩ። አራቱ እናት ዶሮዎች ግን፣ ለነሱ ተብሎ ይህ ሁሉ ደም ሲፈስ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እህላቸውን ይለቅማሉ። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚባለው እንቅልፍ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ዳሽን አሸነፈ። ፋሲል ጭንቅላቱን ከውሃው ጀሪካን ኋላ ሸጎጠ፤ ጭንቅላቱ ከተደበቀ ሌላው አካሉም የተደበቀ መስሎታል።

«እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤቱን ያሳድዳል!» አለች እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

«ደጋ ያደገ ነው፤ ብርዱ አጠንክሮት ነው» አሉ አማቴ፣ እሳቸውም ለአየሩ።

ያን ጊዜ ነው ግቢው ውስጥ የተነሳው ጠብ አንድ ብቻ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት።

መካሪ አልጠፋም። ጎንደር ውስጥ መካሪ የሚያጣ ሰው ምናልባት የሞተ ነው፤ እሱም ቢሆን በፍትሐቱ ቀን ይመከራል። አንዷ ጎረቤት ሁለቱንም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው አለች። ሌላዋ ዳሽንን በእግሩ እሰሩት አለች፤ አሰርነው፣ ፋሲል የታሰረ ሰው ላይ ጀግና ሆኖ ተገኘና ነገሩ ባሰ። በጡረታ ላይ ያሉት የቀድሞ ዳኛ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፈው «ከሳሽ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሲያገለግሉ በኖሩበት ሙያ ሆነው ነው፤ ቀለዱ ብዬ አላስብም። የነፍስ አባታችን ደግሞ መጥተው፣ አይተው፣ «ጾም ነው፣ ታገሡ» አሉ። ለማን እንዳሉት አልገለጹም።

ከሁሉም ቁም ነገር የነገረችን ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። መጀመሪያ የፋሲልን ቁስል አጠበችና ጂቪ ቀባችው። «ዶሮ ቀይ ነገር ካየ መውጋት አይተውም፤ ደሙ ከታየ እናት ዶሮዎቹም ይጨመሩበታል» አለች። ፋሲል አናቱ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ኤጲስ ቆጶስ መስሎ ለሳምንት ያህል ከረመ።

«ጋሼ፣ አዲሱን መቼ ነው ያስገቡት?»

«ያን ዕለት እንደመጣ፣ ገና ሳይመሽ።»

«አይ ጋሼ!» አለች፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ እንዳየች መምህር። አዲስ ዶሮ ሌሊት፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ሰፍረው ሳሉ ነው አሉ የሚገባው። ከዚያ በፊትም ቀናት ያህል በሽቦ ተለይተው ሊተያዩ ይገባ ነበር። የመብያውም ዕቃ አንድ ብቻ መሆን አልነበረበትም። ደግሞም ለአራት ሴት ሁለት አውራ ብዙ ነው፤ አንድ አውራ አሥር ያህሉን ያስተዳድራል። እኔ በበኩሌ ከሚኒባስ ለወረዱት አማቴ እንኳ ያላደረግሁትን ጥንቃቄ ለዶሮ ማድረግ እንዳለብኝ ማን ነገረኝ?

አንድ የኖርዌይ ልጅ ታሪክም ከእሷ ነው የሰማሁት። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ይባላል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዶሮዎች ፊት ለፊት ተቀምጦ ማን ማንን እንደሚወጋ በደብተር ይጽፍ ነበር። አድጎ ሲማር በ1921 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ሥራውን በዚሁ ላይ ሠራ። ያገኘው ነገር ለማንኛውም ጎንደሬ አዲስ አይደለም፤ ዶሮዎች ማዕረግ አላቸው። አንደኛዋ ሁሉንም ትወጋለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሌሎቹን፣ እንዲህ እያለ መጨረሻዋ በሁሉም ትወጋለች፣ ማንንም አትወጋም። ደረጃው እስኪለይ ነው ግርግሩ፤ ከተለየ በኋላ ግቢው ይረጋል። የኛ ደጃዝማችና ፊታውራሪ የኖርዌይ ዶሮዎች ዘንድ ሄዶ ስሙን ብቻ ነው የለወጠው።

እኔም ረጋ ይሉ እንደሆነ ጠበቅሁ። መብያውን ሁለት አደረግሁት። ዳሽን ሁለቱንም ወረሰ።

አማቴ ያለቀለት አስተያየት የሰጡት ያን ዕለት ማታ ነው። «ጭላዳ እንኳ ከነዚህ ይሻላል» አሉ። አማቴ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ገብስ ከጭላዳ በመጠበቅ ስለሆነ ይህ ከሳቸው አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃ በር አካባቢ፣ በመቶ የሚቆጠር ጭላዳ አንድ መስክ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል። በቅርብ ላየው ግን ቤት ቤት ነው፤ አንድ ባለ ጎፈሬ ወንድ፣ የሱ ሴቶች፣ ልጆች። ቤት የሌላቸው ጎረምሶች ዳር ዳሩን ተሰባስበው ይሄዳሉ፤ የአንዱ አባወራ ጉልበት ደከም ሲል ይገቡበታል። አባወራው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፣ ይሯሯጣል፣ ይጮኻል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በጩኸቱ ያበቃል። ያላበቃ እንደሆነ አዲሱ ይነግሣል፤ የቀድሞው የደረቱ ቅላት እየደበዘዘ ይሄዳል፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያው ቤት አይባረርም። ጥግ ይዞ፣ ልጆቹን እያቀፈ እንደ ጡረተኛ ይኖራል።

«ገደል ለገደል ስለሚያድሩ ነው» አሉ አማቴ። «ጠብ ሲበዛበት አንዱ ዘወር የሚልበት ገደል አለው። እናንተ ግቢ ምን ገደል አለ?»

እናቴ ከምድጃው ሳትዞር «የኛ ግቢ ለሰው ጠቦት አያውቅም ነበር» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ምድጃው ማንሳት ግድ ይሆናል። ቤታችን ያለን ምድጃ አንድ ነው። እናቴ ሽሮውን ቀጠን አድርጋ ታወርዳለች። አማቴ ወጥ ቆሞ እንጀራ ላይ ካልተቀመጠ ወጥ አይሉትም። እናቴ ከኩሽና ስትወጣ አማቴ ገብተው እፍኝ ሽሮ ይጨምራሉ፤ አማቴ ሲወጡ እናቴ ገብታ አንድ ጣሳ ውሃ። ሁለቱም «አንቱ» ከመባባል ወርደው አያውቁም፤ ጨዋነቱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ባለቤቴ የሁለቱን ደረጃ ለይታ ማወቅ ስላልፈለገች በዚያ ሁዳዴ ከሥራ ማምሸት ጀመረች። ደግነቱ የጎንደር ቤተ መንግሥትም ከዚህ አላመለጠም። በ1755 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ኢያሱ ሲሞት፣ ሕፃኑን ንጉሥ ኢዮአስን አቅፋ የምታስተዳድረው አያቱ እቴጌ ምንትዋብ ናት ወይስ እናቱ ውቢት በሚል ሁለቱ ሴቶች ያነሱት ሙግት አገር ነቅንቋል። እኛ ዘንድ የተነቀነቀው ድስት ብቻ ነው፤ ተመስገን።

መፍትሔው ሳይታሰብ ነው የመጣው። አማቴ ከዓይን ሕክምናቸው የወጡ ዕለት «አሁን በደንብ አየሁ፤ ግምቡን አሳየኝ» አሉ። ፋሲል ግቢ ይዣቸው ገባሁ። ዘጠኝ መቶ ሜትር በሚሆነው አጥር ውስጥ ተዟዟርን። ይህ የፋሲል ነው፣ ይህ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ይህ የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ያ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ ወዲያ የበካፋ፣ ያኛው የምንትዋብ። አማቴ በጣታቸው ቆጠሩ።

«የአንድ ሰው ሁሉ?»

«የለም፤ እያንዳንዱ የነገሠው ነው የየራሱን የሠራው።»

«አባት የሠራው እያለ?»

«እያለ።»

የአንበሶቹ ቤት ጋ ቆም ብለው የብረቱን ዘንግ ነካ አደረጉና «እነዚህስ በየራሳቸው ክፍል ነበሩ?» አሉ። ከዚያ መልሴን ሳይጠብቁ «ብልሆች ነበሩ» አሉ።

እኔ የታሪክ ሰው ባልሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሥታቱ ተከታትለው እንጂ አብረው እንዳልኖሩ፣ አብረው የኖሩት የንጉሥ ልጆች ግን ሌላ ዕጣ እንደነበራቸው ነገርኳቸው። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ አልጋ ሊሻሙ የሚችሉት መሳፍንት ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ባለው ወህኒ አምባ ላይ ይወጡ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፤ ወጥቶ መውረድ የለም። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ የምንለው ከዚያ ተራራ ወስደን ነው። በካፋ ራሱ የወህኒ ልጅ ነው፤ በ1721 እ.ኤ.አ. ነገሠ።

አማቴ መንገድ ላይ ሁሉ ዝም ብለው ቆዩ። አራዳ ስንደርስ «አናጢ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አናጢው በሁለት ቀን ከባሕር ዛፍ ፍልጥና ከተረፈ ቆርቆሮ ሁለተኛ የዶሮ ቤት ገጣጠመ። በሽቦ ብቻ ሊለያቸው ነበር ሐሳቡ፤ ተከራያችን በሽቦው ቀዳዳ ይዋጋሉ፣ መተያየት የለባቸውም ብላ ጣውላ አስመታች። ቤቱ ወዲያው «ወህኒ» ተባለ። የሚቀረው ማን ይውጣ የሚለው ነው። እናቴ በዳዩ ይውጣ አለች። አማቴ የተሸነፈው ለራሱ ደኅንነት ይውጣ አሉ። ሁለቱም ትክክል ስለነበሩ ጉዳዩን ለጡረተኛው ዳኛ አቀረብን፤ ሁለት ቀን አሰቡና፣ ከጎንደር ታሪክ አንፃር ሲታይ ወህኒ የሚወጣው ያልነገሠው ነው ብለው ወሰኑ። ፋሲል ከነወይን ጠጅ አናቱ ወህኒ ወረደ። ሁለት እናት ዶሮዎች ተከተሉት፤ በፈቃዳቸው ሳይሆን ባለቤቴ ጥሬ እያሳየች አባብላ ነው።

ያን ሰሞን ባለቤቴ አንድ የከሰል ምድጃም ገዝታ መጣች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። በረንዳው ላይ አስቀመጠችው፤ በማግሥቱ ከበረንዳው የወፍራም ሽሮ ሽታ መጣ። ከኩሽና ደግሞ የቀጭኑ። እኛም ሁለቱንም አቅርበን በላን፤ ሁለቱንም አመሰገንን፤ በሁለቱም ዘንድ ተጠያቂ አልሆንንም።

ዶሮዎቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተላቀቁንም። ዳሽን ነግሦ ሳለ ፋሲል ጎህ ሲቀድ አይጮኽም ነበር፤ ወይም ሌላው ጮኾ ካበቃ በኋላ እንደ ሳል ያለች ድምፅ ብቻ ያወጣ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓኖች ጥናት፣ አብረው የሚኖሩ አውራዎች ሲነጋ የሚጮኹት በማዕረጋቸው ተራ ነው ይላል፤ የበላዩ ሳይጀምር ሌላው አይተነፍስም። አሁን ግን ፋሲል የራሱ ቤት፣ የራሱ ሁለት ሚስት፣ የራሱ መብያ አለው። አናቱ ቀላ። አንገቱ ወፈረ። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከጣውላው ወዲያ ዳሽን መለሰለት። ፋሲል ደገመ። አሁን ሁለቱም የበላይ ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ መጮኽ የሁለቱም ተራ ነው። እስኪነጋ ድረስ ተቀዳደሙ። ጡረተኛው ዳኛ በአጥሩ በኩል ይግባኝ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ።

በሰሙነ ሕማማት የእህቴ ልጅ ደወለች፤ ይህን ጊዜ በጨዋ ሰዓት። ሃምስተሮቿ ሁለት ቤት፣ ሁለት መሽከርከሪያ፣ ሁለት የውሃ ጡጦ ተገዝቶላቸዋል። ቁስሉ ድኗል። በየራሳቸው ሲኖሩ ወፍረዋል።

«የናንተዎቹስ አጎቴ?»

«እነሱም ሁለት ቤት አላቸው። ወፍረዋልም።»

«በጣም ጥሩ!» አለች። ከዚያ ጥቂት አሰበችና «ለፋሲካ ምን ትሰጧቸዋላችሁ?» አለች።

ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበር። ልጆቼ ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ። ትንሹ ቀና ብሎ አየኝ፤ ትልቋ ግን ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ነው መልሴን የጠበቀችው። እናቴ አሥራ ሁለቱን ብልት አስቀድማ ስለቆጠረችው ፋሲል አሰበች። አማቴም ቀና አሉ። ሁለቱም ሴቶች አማቴ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሰቡ መሰለኝ፤ እናቴ «ፋሲልማ ገና ከቁስሉ አላገገመም» አለች። አማቴ «ዳሽን ደግሞ የመንገዱ ድካም ገና አለበት» አሉ። ከመጣ ሃያ አምስት ቀን ሆኖታል።

ሐሙስ ዕለት ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። እናቴ እንዳለችው ዋጋው ጣሪያ ወጥቷል። ሻጩ ስከራከር ቢያየኝ «ጋሼ፣ ቀደም ብለው ለምን አልገዙም?» አለኝ። አንድ ነጭ አውራ፣ ነጠላ፣ መጠነኛ፣ ይዤ ወጣሁ። ለልጆቹ ስም እንዳያወጡለት አስጠነቀቅኋቸው። ለሁለት ሌሊት ነው፤ ግን የት ይደር? በዳሽን ቤት አይታሰብም። በወህኒም ፋሲል ገና አክሊሉን ደፍቶ ነው። በረንዳው የአማቴ ነው፣ ኩሽናው የእናቴ። በመጨረሻ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ እንቅብ ተደፋበትና ላዩ ላይ ሙቀጫ ተጫነበት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደጅ ፋሲል ጀመረ። ዳሽን መለሰ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከእንቅቡ ሥር ነጩ ጉሮሮውን ጠረገ።